የአባት ውሃ

ኬሻብ ለሟች አባቱ የጠዋቱን ውሃ ሲያፈስ አጎቱ ዲልማን ሳቀ።

«ለማን ነው የምታፈሰው? ኩባያ ሲያይ ግድግዳ ይቧጥጥ ለነበረ ሰው?»

ኬሻብ እንደ ሂንዱ ሥርዓት ራሱን ተላጭቶ፣ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ በእበት መስመር በተከለለ ጥግ ገለባ ላይ ተቀምጧል። ሐዘኑ እስኪያበቃ ማንም አይነካውም። ከተነካ ያፈሰሰው ውሃ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አባቱ ከነጥሙ ይሄዳል።

ለቀስተኞቹ ደጃፉ ላይ ይንሾካሾካሉ፤ አባቱ ሊላናት እንደ ውሻ ጮኾ ሞተ ይላሉ። ልጁ እንዲሰማ ነው የሚንሾካሾኩት። ኬሻብ ባለፈው ክረምት ከኔፓል ባንግላዴሽ ድረስ ሄዶ፣ ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዱ ለገበሬዎች የከብት ጤና ያስተምር ነበር። ለሃጯ የሚዝረከረክ ላም አጥንት የተሰነቀረባት እንዳይመስላችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳትከቱ ሲላቸው አጨበጨቡለት። በዚያው ሰሞን እዚህ የአባቱ ላም ለሃጯ ይዝረከረክ ነበር። አባቱም ማጭድ ያቆሰለውን እጁን እስከ አንጓው አፏ ውስጥ ከተተ።

ሊላናት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኩሩ ነበር። ልጁን ከሸኘ ወዲህ ገበያ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ላም ትን ባላት ቁጥር ልጄን ከሰው አገር ሥራ አላስጠራም ብሎ ስልክ እንዳይደወል ከለከለ።

ይህን የነገረችው ታናሽ እህቱ ጁና ናት፣ ከክልሉ ማዶ ቆማ። ኬሻብ ከአባባ ሌላ እጁን የከተተ ሰው እንዳለ አጥብቆ ጠየቃት። ካለ ዛሬውኑ መከተብ አለበት፤ በሽታው አንዴ ጀምሮ ውሃ ማስፈራት ከያዘ መድኃኒት የለውም።

ጁና መሬት መሬቱን አየች።

«ወንድም ጋሼ፣ የአባባ እጅ ወፍራም ነበር። የኔ ቀጭን ስለሆነ ጉሮሮዋ ድረስ እንድገባ አዘዘኝ። ጥርሷ ጫረኝ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«በአባባ ሞት እንዲህ የሳቁብህ፣ በእኔ ሲደገም ምን ሊሉህ ነው?»

ኬሻብ ለአባቱ የተቀዳውን የቀረ ውሃ አነሳና ክልሉን ተሻግሮ አፏ ላይ ደቀነው።

«ጠጪ።»

ጁና ፈዛ አየችው። ከዚያ ጨለጠችው። ጉሮሮዋ ሲውጥ እያየ ኬሻብ አለቀሰ፤ አባቱ ከሞተ ገና አሁን ማልቀሱ ነው። በሽታው አልጀመራትም፤ ክትባቱ ሊደርስላት ይችላል።

«አባትህን አስጠማኸው» አለ ዲልማን። አሁን አልሳቀም።

ኬሻብ የእህቱን እጅ ያዘና ወደ ጤና ጣቢያው ወጣ። ለቀስተኞቹ እንዳይነካቸው ግራና ቀኝ ሸሹ። የላሟ ጥርስ የተወው ጠባሳ በመዳፉ ይሻክረዋል፤ አጥብቆ ያዘው።