የጎደለው ስንዝር

አባወራው ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ትተውት ከሄዱት ንብረት ሁሉ ባለቤታቸው የፈለጉት ሸሚዞቻቸውን ብቻ ነበር። «ቆራርጠሽ ብርድ ልብስ ስፊልኝ፤ እሱን ለብሼ ልተኛ» አሏት ምራታቸውን። ምራትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያ ቤት ስትወጣ ስትገባ አማቷ አፍ አውጥተው የጠየቋት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ስለሆነ ደስታዋን አልቻለችውም። እንግዲህ ዛሬ የቤት ልጅ ሆንኩ አለች በልቧ። የዋህ!

በዚያ ቤት ቆጣሪዋ ሳታየው የሚያልፍ ነገር የለማ። ቆጣሪዋ የሚሏት የልብስ ሰፊዋን ባል ታላቅ እህት ነው። መጋዘን ኃላፊ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ መጋዘኑን ትቆልፋለች እንጂ ኃላፊነቷን ቆልፋ አታውቅም። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ዐሥራ አራት። አዝራሮቹንም ቆጠረች። አንዷ ጎድላ ብታገኛት «ይቺስ?» ብላ ወደ ግድግዳው ፎቶ ቀና አለች፤ ሟቹ ተነስተው መልስ እንዲሰጧት ሳትፈልግ አልቀረችም። መሃል የሚገባውንም፣ እንደ ጨርቅ በሜትር የሚሸጠውን ንጣፍ ጥጥ ራሷ ገዝታ፣ ራሷ ለክታ አስረከበች። ልክ ሦስት ሜትር።

ልብስ ሰፊዋ ጥጡን እንደተረከበች ትልቁን ሳፋ ሙቅ ውሃ ሞላች። ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ይሄን ያውቃል። አዲስ ጥጥ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። የሰውየው ሸሚዞች ግን ስንት ዘመን ታጥበው ታጥበው መሰብሰባቸውን ጨርሰዋል፤ ሳስተዋልም። ጥጡ ሳይነከር በሸሚዞቹና በገበሩ መሃል ቢሰፋ፣ ብርድ ልብሱ የታጠበ ቀን ጥጡ ሲሰበሰብ ሸሚዞቹን ጎትቶ ይተረትራቸዋል፤ ምትክ ደግሞ ከየትም አይመጣም። እናም በመዳፏ ቀስ እያለች እየተጫነች ነከረችው። አላሸችውም፣ አልጨመቀችውም፤ ጥጥ ከታሸ ይጓጉላል። ውሃው ሲበርድ በፎጣ ጠቅልላ አስመጠጠችው። ከዚያ በረንዳው ላይ አንሶላ አንጥፋ ዘረጋችውና ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ጨቅላ ስታገላብጠው ሰነበተች።

በሦስተኛው ቀን ቆጣሪዋ ከች አለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ከቦርሳዋ ሜትር መዘዘች። ሰው የወንድሙን ቤት ሊጠይቅ ሲሄድ ሜትር ይዞ ይሄዳል? እሷ ትሄዳለች።

«ስንዝር ጎድሏል» አለች።

«ተሰብስቦ ነው፣ እትዬ። አዲስ ጥጥ ውሃ ሲገባ ያጥራል።»

«ያጥራል? ሃያ ዓመት መጋዘን ስሠራ ዕቃ ሲሰረቅ እንጂ ሲያጥር አላየሁም።»

«ወስጄ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ዓይንሽን ተይውና ጥጡን አምጪ።»

አቤት ድፍረት! ስንዝር ጥጥ እኮ ነው፤ ትራስ እንኳ አይሞላም። ምን ልታደርገው ትሰርቀዋለች? የአንቺን ነገር ላለመስማት ጆሮዋን ልትደፍንበት?

በእሁዱ ከሰዓት በኋላ አማትየዋ ሳሎን ስብሰባ ተጠራ። ቆጣሪዋ ጥጡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የተበደልኩ ባይ ንግግሯን አሰማች፤ ሸሚዞቹም ሳይቆረጡ በፊት እንዲመለሱ ጠየቀች። አማትየዋ እጃቸውን አጣምረው ይሰማሉ። ባልየው ሶፋው ጥግ ተወሽቆ ስልኩን ይነካካል፤ እህቱ ድምጿን ከፍ ባደረገች ቁጥር ስልኩን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። ልብስ ሰፊዋ አንዲት ቃል ጠበቀች። «ሚስቴ ሌባ አይደለችም» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እሱ ግን ተነስቶ ወደ ማእድ ቤት ጠራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስሚ፣ ካለሽ መልሺላትና እንገላገል» አላት።

ካለሽ! የእህቱ ስድብ ከውጭ የመጣ ነው፤ ይሄኛው ግን ከገዛ አልጋዋ መጣ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

«እትዬ» አለች፣ «ከዚያው ሱቅ ያንኑ ጥጥ ግዢ። በገዛ እጅሽ ንከሪው፣ ራስሽ ጠብቂው። እኔ አጠገቡ አልደርስም።»

ቆጣሪዋ ይሄን ለማግኘት ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸልይ የኖረች ነው የምትመስለው። ከመሥሪያ ቤቷ የሁለት ቀን ፈቃድ ወሰደች። ሦስት ሜትር ለክታ ገዛች፤ አራቱም ማዕዘን ላይ በስክሪብቶ ፈረመችበት። እናቷ ቤት የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነከረችው፤ በረንዳ ላይ አሰጣችው፤ በርጩማ አምጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። ምሳዋን እዚያው በላች። ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ዝንቡ ባዶ እጁን መሄዱን ሳታረጋግጥ አትለቀውም ነበር።

ሲደርቅ ሁሉንም ጠርታ ለካችው።

በሌላኛው ጎን ለካችው። ሜትሩን ገልብጣ ለካችው። ስንዝር ጎድሏል። ፊርማዋ በአራቱም ማዕዘን ላይ፣ ቀለሙ ትንሽ ፈዞ፣ ቁጭ ብሏል።

«ሻጩ ነው!» አለች በመጨረሻ። «የሚሰበሰብ ጥጥ ነው የሸጠልኝ! ነገ ሄጄ ባላፈላው!» ይቅርታ የሚባል ዕቃ በእሷ መጋዘን ገብቶ አያውቅም።

ባልየው ግን እፎይ ብሎ ሳቀ። «አላልኳችሁም? እኔ ድሮም አውቄዋለሁ። በይ እንግዲህ፣ ሥራሽን ጀምሪ።»

ልብስ ሰፊዋ ለሥራው ይዛ የመጣችውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማእድ ቤት ያልከኝን እዚህ በእማዬ ፊት ድገመው» አለችው።

«ምን አልኩሽ?»

«ድገመው።»

አንዴ እናቱን፣ አንዴ እህቱን አየ። ስልኩን ቢዳብስ ኪሱ ውስጥ የለም። «ካለሽ... መልሺላት ነው ያልኳት። ለሰላም ብዬ እኮ ነው።»

«እትዬ ሁለት ቀን ጥጥ ስትጠብቅ ውላ እውነቱን አየች። አንተ ዐሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ተኝተህ ምን አየህ? ላንተ ደግሞ ምን ልንከርልህ?»

አማትየዋ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ልብስ ሰፊዋ አበዛሁት፣ አስቀየምኳቸው፤ ሸሚዞቹም ቀሩ፣ የቤት ልጅነቱም ቀረ ብላ ቦርሳዋን ፈለገች።

አሮጊቷ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። ፈቱት። ነጭ ሸሚዝ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ።

«ዐሥራ አራት ነበር እኮ የቆጠርኩት!» አለች ቆጣሪዋ።

«አንቺ አፍሽን ያዥ! ይሄን የደበቅሁት እኔ ነኝ። የአባታችሁ የሠርግ ሸሚዝ ነው፤ ለወንዱ ልጄ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት።» ልጃቸውን አዩት። እሱም እጁን ሊዘረጋ ቃጣው። እሳቸው ግን ሸሚዙን ይዘው አልፈውት ሄዱና ምራታቸው ጉልበት ላይ አኖሩት። «ቁረጪው፣ ልጄ። መሃሉ ላይ አድርጊልኝ።»

«እማዬ፣ እሱን እንኳ ለኔ...» አለ ልጃቸው።

«ቁረጪው አልኩ እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አነሳችና ከኮሌታው ጀመረች።