አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ

አንድ ገጽ ነው የተባለችው። አንድ ብቻ! በታይፕ ተመትቶ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ይድረስ፤ አለቀ። ይህችን ለአባቷ ለአቶ ፈይሳ ለማስረዳት ጉዲቱ ከሰኞ ጀምሮ ምላሷ ጸጉር እስኪያበቅል ለፈለፈች። ሰውየው ግን ወይ ፍንክች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉዲቱ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብታ የጽሕፈት ሙያ የምትማር፣ ዘንድሮ በ1978 የምትመረቅ የናዝሬት ልጅ ናት። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ጸሐፊ እንደሚፈልግ ሰማችና ናዝሬት ባለው ቢሮው ተፈተነች፤ ከዘጠኝ ሰው አንደኛ ወጣች። የቀራት የሕይወት ታሪኳን ጽፎ ማስገባት ብቻ ነው። አባቷ ከባቡር ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤቱ የሚጠብቀው እሷን ነው። ይህ ሥራ ካመለጣት ግን መንግሥት ጎዴም ይመድባት አሶሳ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መሄዷ ነው።

"ቀጣሪ አያትህን አይቀጥርም፤ የምትችለውን ጻፍ፣ አሳጥር" ይሉ ነበር መምህሯ። እሷም የምትችለውን ጻፈች። በደቂቃ አርባ አምስት ቃል እንደምትመታ፣ መዝገብ አያያዝ እንደምታውቅ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደራ ወርዳ ስልሳ ሦስት ገበሬ ፊደል እንዳስቆጠረች። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

አቶ ፈይሳ አነበቡትና ፊታቸው ተከሰከሰ። "ምንድነው ይሄ? የቀበሌ ስኳር ኩፖን እንኳ ከዚህ ይረዝማል! አባት የላትም እንዴ ይቺ ልጅ? ደግሞስ ሰው ስለ ራሱ 'ፈጣን ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ' ይላል? ነውር አይደለም? ሌላ ሰው ይበልልሽ!"

ሌላ ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ሰንበታ! የእድሩ ጸሐፊ! በሠፈሩ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉትና መቃብር ዳር ቆመው የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ እሳቸው ያላሳመሩት ሬሳ የለም። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ሰካራም እንኳ በእሳቸው አፍ "ተጫዋችና ቤተሰቡን ወዳድ" ተብሎ ነው አፈር የለበሰው።

"አባዬ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም!"

"ዝም በይ! ሰንበታ የጻፈለት ሰው መቼ አፍሮ ያውቃል?"

ወረቀቷን ይዘውባት ሄዱ። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የታይፕ ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ጋሽ ሰንበታ በዚያ የናዝሬት ሙቀት ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከተፍ አሉ። በእጃቸው አራት ገጽ ይዘዋል። አራት! ጉዲቱ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ ወረቀቱን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

"ቆሜ ካላነበብኩት አይዋጥልኝም" አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። "'ወይዘሪት ጉዲቱ ፈይሳ፣ ከአባታቸው ከአቶ ፈይሳ ደገፋ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፉ በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከአንደበታቸው ክፉ የማይወጣ ነበሩ...'"

"ነበሩ?"

"እጄ ለምዶብኝ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። 'በተወለዱ በሃያ አንድ ዓመታቸው...'" ጉሮሯቸውን ጠረጉና መስመሩን ዘለሉት።

ገጽ ሁለት የአያቷ የአቶ ደገፋ ጀግንነት ነው። የኖሩበት አገር፣ የገደሉት ነብር፣ የነበራቸው በቅሎ። ጉዲቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ከንፈሯን ነከሰች። የሆቴሉ ሰዎች በቅሎ ምን ያደርግላቸዋል? እናቷ ወይዘሮ ዘርፉ ጥግ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ አባቷ በየመሐሉ "እሰይ! አበጀህ!" ይላሉ። በሩ ከሙቀቱ የተነሳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጋሽ ሰንበታ ድምፅ ደግሞ በዋይታ መካከል መሰማት የለመደ ነውና ሠፈሩን አዳርሶታል።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ ጉዲቱን! ምን አገኘብኝ!"

ጎረቤታቸው አሰለፈች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች እያለቀሱ ተከተሏት።

"አለሁ!" ብላ ጮኸች ጉዲቱ። "ኧረ በቁሜ አለሁ! ሥራ ልቀጠር ነው!"

አሰለፈች ክው አለች። ቀረብ ብላ ክንዷን ዳሰሰች፣ ጉንጯን ዳሰሰች። "ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያነበው?"

አቶ ፈይሳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሴቶቹም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ጉዲቱን ግን እልህ ያዛት። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረችው ለዚህ ነው? "በቃ ስጡኝ፣ ጋሽ ሰንበታ! ራሴ አሳጥረዋለሁ!"

ጋሽ ሰንበታ አልሳቁም፣ ወረቀቱንም አልሰጧትም። ሦስተኛውን ገጽ ገለጡ።

"'ወይዘሪት ጉዲቱ ታላቅ ወንድም ነበራቸው፤ ወጣት ነገሪ ፈይሳ። በሂሳብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ፣ ኳስ ሲይዝ ግራ እግሩ የማይቻል፣ ወንድ ልጅ ውኃ አይቀዳም ቢሉት ከቦኖ ቀድቶ ለእናቱ የሚያመጣ። በ1970 ዓ.ም.፣ በተወለደ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።'"

ሳቁ ጸጥ አለ። በዚያ ቤት ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ወስደው ገደሉት፤ ያለቀሰ ሁሉ ከእሱ ጋር ይቆጠራል ተባለ። ድንኳን አልተተከለም፣ ለቀስተኛም አልመጣ። ወይዘሮ ዘርፉ በማግስቱ ዓይናቸውን አድርቀው ገበያ ወጡ። ጉዲቱ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች።

አቶ ፈይሳ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ በሩ ሮጡ።

"ክፍት ይሁን" አሉ ወይዘሮ ዘርፉ። የምስሩን ትሪ መሬት አስቀመጡ። "ተቀመጡ እናንተም። ለለቅሶ አይደለም የመጣችሁት?"

አሰለፈች ልታስተካክል የጀመረችውን ነጠላ እንደገና አዘቀዘቀችው። "ነገሪዬ!" አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብሎ መንገር ይቻላል? ስምንት ዓመት የተያዘ እንባ ነው። ጋሽ ሰንበታ አራተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ እሱም የነገሪ ነበር።

"ሃያ ዓመት ስጽፍ የቀረብኝ የሱ ነው" አሉ ሲጨርሱ። "የልጅቷን ወረቀት ሳየው አላስችል አለኝ።"

ወይዘሮ ዘርፉ ማንበብ አይችሉም። ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ስለ ነገሪ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?"

ጉዲቱ መሬት መሬት አየች። "ለወላጆቿ አንዲት ልጅ ብዬ ነው። ቢጠይቁኝስ ብዬ ፈርቼ፣ እማዬ።"

"አጠፋሽ አልልሽም፤ እንጀራሽ ነው።"

ምነው በጥፊ በመቷት! ታይፕ ቤቱ ተዘጋ፤ እሷም ሰዓቱን ማየት ተወች። ሲመሻሽ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ግቢውን ሞሉት። የቀበሌ ሰዎች በደጅ አለፉ፤ ምንም አላሉም።

ዓርብ ጠዋት ታይፕ ቤቱ እንደተከፈተ ገብታ ራሷ መታችው። በቅሎው ወጣ፣ ነብሩ ወጣ፣ "ለተቸገረ ደራሽ" ወጣ። የምትችለው ሁሉ ገባ። ከቤተሰቧ ዝርዝር ሥር ደግሞ አንድ መስመር ጨመረች፦ ታላቅ ወንድም ነገሪ ፈይሳ፣ በ1970 ዓ.ም. የሞተ። ልክ አንድ ገጽ ሆነ።

የቢሮው ሰው ጎልማሳ ነው። እያነበበ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፤ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓመተ ምሕረቷን ደግሞ አያት። በሩን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ ሥራው ያንቺ ነው ማለት ይቻላል። ይቺን መስመር ብቻ አውጫት። የበላዮቹ ካዩዋት ጥያቄ ያመጣሉ፤ ያን ጊዜ እኔም አላድንሽም። የጽሕፈት መኪናው ያውልሽ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅብሽም።"

እውነቱን ነው፤ ለእሷው አስቦ ነው። ጉዲቱ መጻፊያ መኪናው ፊት ተቀመጠች፣ ንጹሕ ወረቀት አስገባች፣ ስሟንም መታች። ከዚያ ቆመች። ወረቀቱን ስባ አወጣችውና የመጀመሪያውን ገጽ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"ጌታዬ፣ ትናንት ነው ያለቀስንለት። ዛሬ እንዴት ብዬ ላውጣው?"

ሰውየው ወረቀቱን አልነካውም። "ነፍስ ይማር" አለ፣ ለራሱ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

"ይማር" አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። ቤት ለቀስተኛ ሞልቷል፤ እናቷን የምታግዝ ሌላ ልጅ የለችም።