ሰባት ቁጥር ንፋስ

በኔተርሆፕ የእኔን ስፌት የማያውቅ ሰው የለም። ይህን የምናገረው በኩራት አይደለም። እኛ የስፌት ማኅበሩ ሴቶች በዓመት አራት ጊዜ በመንደራችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትንንሽ ኩዊልቶች እንሰቅላለን። እራፊ ጨርቅ ከእራፊ ጨርቅ ቀጣጥለን፣ መሃሉ ስስ ጥጥ አስገብተን፣ ከገበሩ ጋር በእጃችን ሰፍተን የምንሠራቸው ናቸው፤ አንዳቸውም ከሻይ ትሪ አይበልጥም። ስም አይጻፍባቸውም፤ ያላቸው ቁጥር ብቻ ነው። የማን እንደሆነ መገመት የተመልካቹ ፋንታ ነው። የእኔን ለመገመት ግን ማንም ጊዜውን አባክኖ አያውቅም። የልጅነት ጓደኛዬ ዶት ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ሆና «አራት ቁጥር ማቪስ» ብላ ነገሩን ትጨርሰዋለች። ስፌቴ ረጃጅም ነው፣ ይንጋደዳል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ባሌ ክሊፍማ ኩዊልት የሚለውን ቃል ለእኔ ሥራ ሰጥቶት አያውቅም። ሶፋው ላይ ሊቀመጥ ሲል «ድሪቶሽን አንሺልኝ» ነው የሚለኝ።

የምንሠራበት ርዕስ የሚወጣው መቅጃው ከተሰበረ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ በዕጣ ነው። ማንቆርቆሪያውን የምትይዘው ሰብሳቢያችን ጆሲሊን ናት። ጡረታ እስክትወጣ የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ስለነበረች እኛንም የምታሠማራን እንደዚያው ነው። ርዕስ ወጣ ማለት ወጣ ነው፤ መለወጥ የለም፣ ማኩረፍ ግን ይቻላል። አንዴ «ቁርስ» የሚል ወጣና እኔ የተጠበሰ እንቁላል ሠራሁ፤ ያየው ሁሉ እንዴት ያለች ደስ የምትል ጀምበር ናት አለኝ። ቴልማ ደግሞ አንዲት የተጠበሰች ዳቦ ሰፋች። ቅቤው ዳቦው ላይ ሲቀልጥ ይታይ ነበር፤ ሰው እየተጠጋ ያሸታት ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ቴልማ ፌዘርስተን የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። በዚህ ሸለቆ ከላይ እስከ ታች እንደ እሷ የሚሰፋ ሰው የለም። ስፌቷ ደቃቅ ነው፣ እኩል ነው፣ ከፊትም ከኋላም አንድ ነው። ምላሷ ግን ከመርፌዋ ይብሳል። ስንት ዓመት ሙሉ የእኔን ሥራ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ማቪስ፣ ይሄን በመርፌ ነው ወይስ በሹካ የሰፋሽው?» ስትለኝ ኖራለች። እወዳታለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ከነመርፌዋ ወንዝ ብጨምራት ደስ ይለኝ ነበር።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ከማንቆርቆሪያው «ንፋስ» የሚል ወጣ። ሁላችንም ደስ አለን፤ በኔተርሆፕ የሌለን ነገር ብዙ ቢሆንም ንፋስ አጥተን አናውቅም። ቴልማ ብቻ ካፖርቷን መልበስ ጀመረች። ወደ ቤት ስንመለስ በሯ ላይ ያዘችኝና ግቢ አለችኝ። ጨርቅ የምትወጥርበትን ክብ እንጨት አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ሳየው በመጀመሪያ የራሴ ሥራ መሰለኝ። ስፌቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዱ ረጅም ሌላው ነጥብ ነው። ቀኝ እጇ ከሐምሌ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሐኪሙ በአንዴ አይብስብሽም፣ አይለቅሽምም ብሏታል። ለማንም አልተናገረችም። ዓይኔ ደከመ ብላ ከመጋቢቱ ኤግዚቢሽን በፊት ማኅበሩን ልትተው ወስናለች።

«ጆሲሊን ያንን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ‹ጎበዝ ቴልማ፣ ሞክረሻል› ስትለኝ ቁጭ ብዬ አልሰማም» አለችኝ። «ይሳቁብኝ፣ ግድ የለኝም። እንዲያዝኑልኝ ግን አልፈልግም።»

እኔ ሳዝን እቆጣለሁ፤ ሌላ አመል የለኝም። ስንት ዓመት ስትስቂብኝ እኔ ሞቻለሁ ወይ ብዬ ጮህኩባት። እሷም ረጋ ብላ አንቺማ ለምደሽዋል አለችኝ። ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ እንደ አንቺ አድርጌ ልስፋ፣ አንቺ እጅሽ እንዳመጣው ስፊ አልኳት። ደቃቁን ያየ የቴልማ ነው ይላል፣ የተንጋደደውን ያየ ደግሞ ለእኔ ይሰጠኛል። ቢሰድቡትም የሚሰድቡት እኔን ነው፤ የሚያዝን አይኖርም። መጨረሻ ላይ ጆሲሊን ቁጥር እየጠራች ባለቤቷ ተነስታ ሥራዋን ስታወርድ፣ እኔ ያንቺን አወርዳለሁ፣ አንቺም የእኔን።

ቴልማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺ? እንደ እኔ?» አለችና እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። በጣም ስለተናደድኩ ነገሩ እዚያው ተወሰነ።

ያ የብርድ ወቅት ሲያልፍ ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛ፣ ደቃቅ ስፌት የክፉ ሰው ፈጠራ ነው። ሁለተኛ፣ ቴልማ አስተማሪ ብትሆን ኖሮ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይቀር ነበር። የምሠራው በንፋስ የተኛ የገብስ ማሳ ነው፤ ግራጫ በግራጫ ላይ፣ ዛላው ሁሉ በስፌት። አንድ መስመር ጨርሼ በኩራት ሳሳያት መነጽሯን ትሰካና «ፍቺው፣ ውዴ» ትላለች። ፈትቼ እደግመዋለሁ። «ፍቺው።» ጣቶቼ ተበሳስተው ሎሚ መጭመቅ አልቻልኩም። ክሊፍ እራት ላይ አየኝና ምን ሆነሽ ነው፣ ጃርት ታረቢያለሽ ወይ አለኝ።

የቴልማ መከራ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር። መጥፎ መስፋት አልችል አለች። ቀኝ እጇን በግራዋ ጨብጣ እያንዳንዷን ስፌት ቀጥ ልታደርግ ትታገላለች፣ አይሆንላትም፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትታገላለች። አንድ ቀን እንጨቱን ከነጨርቁ ሶፋው ላይ ወረወረችውና አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተቆጣሁ። ቤቴ ሄጄ የእኔን ወፍራም መርፌና ቀይ ወፍራም ክር አመጣሁላት። አትታገይው፣ እጅሽ ወደፈለገበት ይሂድ፣ አንቺ ዜናሽን እያየሽ ተከተይው አልኳት። እንደ ስድብ ነው የሰማችው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስሄድ ሥራዋን በወጥ ቤት ፎጣ ሸፈነችብኝ። ከዚያ በኋላ አንዴም አላሳየችኝም፤ «አያገባሽም» የሚል ፊት ብቻ ታሳየኛለች።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ርዕሱ ራሱ በአካል መጣ። ንፋሱ የአዳራሹን በር ከሰው እጅ እየነጠቀ ያላትመው ነበር። በየኩዊልቱ ሥር የማርማላታ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ ሰው ከቤቱ ይዞት የመጣውን አዝራር ደስ ባለው ሥራ ሥር ይጥላል። የእኔ ገብስ ሦስት ቁጥር ሆኖ ተሰቅሏል፤ ልጄ ሲዳር እንኳ እንደዚያ አልተኩራራሁም። ከዚያ ዞር ብዬ ሰባት ቁጥርን አየሁ።

ኮረብታ ነው፤ ጫፉ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። ከአሮጌ ትራስ ልብስ የተቆረጡ ነጫጭ አንሶላዎች ተሰጥተዋል፣ አንደኛው ከማያያዣው አምልጦ መሄድ ጀምሯል። ኮረብታው ከእግር እስከ ራሱ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ሣሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱም ስፌት እንደ ሌላው አይደለም። ቀሚሴን ያዝ ማድረግ አማረኝ። ቴልማ አጠገቤ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

ዶት በሩ ላይ ደረሰች። «ሰባት ቁጥር ማቪስ» አለች እንደ ልማዷ። ከዚያ ቀረብ አለች፣ ደግሞ ቀረብ አለችና አፍንጫዋን ጨርቁ ላይ ልታስነካ ደረሰች። ዶትን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቃት እንዲህ ሆና አታውቅም።

«ማቪስ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ምን በልተሽ ነው?»

ከዚያማ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሰባት ቁጥር ሥር ያለው ጠርሙስ አዝራር ሲወድቅበት ድምፁ እስከ ወጥ ቤት ይሰማል። የማላውቃት ሴትዮ ጉንጬን ሳመችኝ። ጆሲሊን እጄን ጨብጣ እጅሽ ገና አሁን ደፈረ አለችኝ። ሦስት ቁጥር ፊት ደግሞ ሰው ይደርሳል፣ «ቴልማ ናት፣ ያው እንደ ወትሮዋ» ይላል፣ ወደ ሳንድዊቹ ያልፋል። እንደ ወትሮዋ! ያ ሁሉ ፍቺው፣ ያ ሁሉ ደም። ከሁለታችን የበለጠ የተናደደው ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ጠረጴዛ ይዘን ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ ሰው እየመጣ ያሞግሰኛል፣ እኔ አመሰግናለሁ፣ ቴልማ የዝንጅብል ኬኳን እየፈረፈረች ዱቄት አድርጋዋለች።

«ምስጋናውን ቀነስ አድርጊው» አለችኝ በጆሮዬ።

«አደራሽን እየጠበቅኩ ነው።»

«እየጠበቅሽ ሳይሆን እየበላሽ ነው።»

በመጨረሻ ጆሲሊን አጨበጨበችና ቁጥር መጥራት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት እያለች ስትጠራ ባለቤቶቹ እየተነሱ ሥራቸውን አወረዱ። ሦስት ቁጥርን ብቻ ዘለለችው፤ የወይዘሮ ፌዘርስተንን መጨረሻ ላይ ማውረድ ልማድ ነው። ሰባት ላይ ስትደርስ የሞላውን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ አሳየችና የዛሬዋ አሸናፊ ትነሳና ታውርድልን አለች፤ የምታየው እኔን ነው። ጠረጴዛውን ተደግፌ ልነሳ ስል እጅጌዬ ተያዘ። የያዘችኝ በቀኝ እጇ ነበር። እጇ ከነእጅጌዬ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሁሉ ያያል።

«ተቀመጪ» አለችኝ ቴልማ። «የኔ ነው።»

ጆሲሊን ያንን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ ቴልማ እንደፈራችው አድርጋ፣ «ቴልማዬ፣ ያንቺ እኮ ሦስት ቁጥር ነው» አለቻት።

«ሦስት ቁጥር የማቪስ ነው» አለች ቴልማ። «ካላመንሽ ገበሩን ገልብጪና እይው።»

ገለበጡት። ከኋላው ቋጠሮው ሽምብራ አክሎ ተደርድሯል፣ ጥግ ላይም የማርማላታ ጠብታ አለ። ዶት ጎንበስ ብላ አየችና ማቪስ ናት፣ ምንም ጥርጥር የለውም አለች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅኩ። ምን አደርጋለሁ፣ ከፊት ያመለጥኩት ከኋላ ተያዝኩ።

ሳቁ ሳያልቅ ቴልማ ወደ ግድግዳው ሄደች። እጇን ወደ መስቀያው ስታነሳ ግን ሳቁ ቆመ። ማያያዣውን ያዘችው፣ አመለጣት፣ እንደገና ያዘችው። ጆሲሊን ልትረዳት ብድግ ስትል በዓይኔ አስቀመጥኳት። ማያያዣው ተከፈተ፤ ቴልማ ኮረብታዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኛ ዞረች።

«እጄ ከሐምሌ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች። «ይሄ ስፌትም የመጣው ከዚያ ነው። የሚያዝንልኝ ሰው ካለ አዝራሩን መልሶ ይውሰድ።»

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ዶት ተነሳች። ቴልማ ፊቷን ቋጠረች። ዶት ጠርሙሱ ጋ ደረሰች፣ የካፖርቷን ትልቁን ጥቁር አዝራር ያዘችና በጥሳ ጨመረችው። «ለማቪስ መስሎኝ አንድ ብቻ ነበር የሰጠሁት» አለች። ቴልማ ያን ጊዜ ሳቀች፣ ዓይኗ እየፈሰሰ ሳቀች። እኔ ያለቀስኩት ለብቻዬ አይደለም፤ ክሊፍም አፍንጫውን ሲያብስ አይቼዋለሁ፣ ጉንፋን ነው ይላል።

የሚቀጥለውን ርዕስ የምታወጣው ያሸነፈችው ናት። ቴልማ እጇን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስትከት ክዳኑ ተንኳኳ። ወረቀቱን አውጥታ ለጆሲሊን ሰጠቻት። ጆሲሊን አነበበችና ፊቷ ቀላ፣ ለምን ሌላ አናወጣም አለች። ይህች ሴት በሕይወቷ አንድ ርዕስ ለውጣ አታውቅም። ቴልማ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደችና ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ቀጥ ያለ መስመር» ይላል።

«ርዕስ ወጣ ማለት ወጣ ነው» አለች፣ ወረቀቱን ኪሷ ከተተች።

ወደ ቤት ስንሄድ ንፋሱ ከኋላ ይገፋን ነበር። ከፊታችን ዶት አዝራር አልባ ካፖርቷን በሁለት እጇ ጨብጣ እየተራገመች ትሄዳለች። ቴልማ በሯ ላይ ስትደርስ ቆመች። አሁን ስለ ማርማላታው ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ማቪስ» አለችኝ፣ «ያ ወፍራም ክር ሰማያዊ አለው?»