ከአረፋ በፊት የሚያልቅ መታጠቢያ ቤት

ወንድሜ ያሲን ጥቁሩ ገንዳ ከአይሱዙው ሲወርድ አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የከብት ማጠጫ?» አለኝ፣ የሰፈሩ ሰው ቆሞ እየሰማ። «ለእናቴ መታጠቢያ ነው። አንተ ዕድሜህን ሙሉ በጣሳ ታጥበህ ስለ ገንዳ ምን አገባህ?» አልኩት። ምላሴ እንዲህ ነው። ጅዳ አሥራ አንድ ዓመት አፌን ዘግቼ ሠርቻለሁ፤ መካነ ሰላም ከገባሁ ወዲህ ግን ማንም አያስዘጋኝም።

ጠባችን በገንዳው አልነበረም፤ በእናታችን ነበር። እናቴ ኡምኩልሱም ጉልበቷን ትታመማለች፣ ከላላ ከተማ፣ ያሲን ቤት ነበር የምትኖረው። ቤቴን ሠርቼ ስጨርስ «ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ናት» አልኩ። ያሲን እንቢ አለ። ተጨቃጨቅን፣ ተሰዳደብን፣ በመጨረሻ እሷ ራሷ «እስከ አረፋ አሚራ ጋ ልሞክረው፤ ካልተመቸኝ እመለሳለሁ» ብላ ገላገለችን። ለአረፋ ሦስት ወር ነበር የቀረው።

ጥቁር ገንዳ ያየሁት ጅዳ፣ አሠሪዬ ማዳም ቤት ነው። ጥቁር ነገር ጠብታ አይደብቅም፤ ውኃው ሲደርቅበት ነጭ ነጥብ ይሆናል። በየማለዳው ተንበርክኬ እወለውለው ነበር። ከዚያ ማዳም ትመጣና ጠርዙን በጣቷ ጠረግ አድርጋ ጣቷን ዓይኔ ሥር ትደቅነዋለች። እኔም «እሺ» እላለሁ። እናቴን አንድ ቀን እንዲህ ባለ ገንዳ ውስጥ፣ በሙቅ ውኃ አስተኛታለሁ ብዬ የማልኩት ያኔ ነው።

ሴራሚክ የሚሠራልኝ ዋለ የሚባል የደጎሎ ሰው ነበር። ገንዳውን ፍሳሹ ባለበት በኩል ተከለው፣ ግድግዳውንም እንደ ማዳም ቤት ጥቁር በጥቁር አለበሰው። ሲያልቅ እናቴን ጠራኋት። ከዘራዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም።

«አሚ፣ እኔ የሴት ጀናዛ ሳጥብ አርባ ዓመቴ ነው» አለች። «ተኝቶ የሚታጠበው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።» ከዚያ በከዘራዋ ገንዳውን አመለከተች። «ራሱ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ፣ ቀኙ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ። ቀብር እንኳ እንዲህ አስተካክለው የሚቆፍሩት ስንቶቹ ናቸው?»

ዋለ ደነገጠ። «እማማ፣ እኔ ፍሳሹን አይቼ ነው እንጂ...»

እሱስ ክርስቲያን ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ምን ነካኝ? እናቴ በየለቅሶው ስትጠራ ማሰሮዋን ተሸክሜ ያደግሁ ልጅ እንዴት ጠፋኝ? ደሜ ፈላ፤ በራሴ ላይ የፈላውን ዋለ ላይ ደፋሁት። «ገንዳውን ላዙረው? ወለሉ ይፈርሳል እንጂ ይቻላል» ቢለኝ «ገንዳው አይነካም፤ ግድግዳውን አፍርሰው» አልኩት። እልህ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጥቁሩን ሴራሚክ አስነስቼ ነጭ አስለጠፍኩ፤ ጤና ጣቢያ መሰለ። ነጩን አስነስቼ ክሬም አስለጠፍኩ፣ መሐሉ ላይ አረንጓዴ መስመር። አምፖሉን በቢጫ ቀየርኩ። ወርቃማ ቧንቧና ትልቅ መስታወት ከደሴ አስመጣሁ። የእንጨት በርጩማ አሠራሁ፣ ከገንዳው ሥር አረንጓዴ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ መስኮቱ ላይ ጤና አዳም በጣሳ አስቀመጥኩ። ጥቁሩ ገንዳ በክሬሙ መሐል ጎልቶ ወጣ። ዋለ እንኳ ስንት ስድብ ጠጥቶ፣ ሲጨርስ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ማሻአላህ፣ ያምራል» አለችና ጓሮ ሄዳ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በጆግ ታጠበች። በየቀኑ እንደዚያ ነው። ያሲን በየጁምዓው ይደውላል። «ገባች?» ይለኛል እየሳቀ። «አንተ ምን ቸገረህ» ብዬ እዘጋበታለሁ።

ገንዳውን የምጠቀመው እኔ ብቻ ሆንኩ። የእኛም ውኃ እንደ ጅዳው ነጭ ነጥብ ይጥላል። አንድ ቀን «ይሄን ሁሉ ደክሜ ያሠራሁት፣ የሚያየው ሰው እንኳ የለም፣ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ቀረ» ብዬ ጮህኩ። በማግስቱ እናቴን አገኘኋት፤ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ በዚያ ጉልበቷ ተንበርክካ ገንዳውን በጨርቅ ትወለውላለች።

ላስነሳት ይገባኝ ነበር። አላስነሳኋትም። ቢያንስ ገባች፣ እየለመደችው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ወለወለችው። አንድ ቀን ተከትያት ገባሁና ጠርዙን በጣቴ ጠረግ አድርጌ አሳየኋት። «እዚህ ጋ ቀርቶሻል እኮ፣ እማ።»

ጣቴን አየችው። ቀና ብላ ፊቴን አየች። «እሺ» አለች። እዚያው ጨርቁን አርጥባ ቀጠለች። እኔም ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው ያሲን መጣ። የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የልጅነቱን ሳይቀር ላወጣበት። እሱ አፉን ሳይከፍት እናቴ ጓዟን በነጠላ ቋጥራ ከጓዳ ወጣች።

«ምን ጎደለሽ?» አልኳት። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አልጎደለኝም፣ አሚ። ቤትሽ ያምራል። አላህ ያኑርሽ።» ቋጠሮዋን ለያሲን አቀበለችው። «ሥራው ግን ከበደኝ።»

ያሲን ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም፤ ወደ መሬት አየ። ክንዷን ይዞ ሚኒባሱ ድረስ ቀስ እያለ ወሰዳት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ የዋለን መዶሻ አነሳሁ። ረስቶት የሄደ ነው። ገንዳውን ልሰባብረው ገባሁ። ከመምታቴ በፊት ጠርዙን በጣቴ ጠረግ አደረግሁት፣ ዳር እስከ ዳር። ጣቴ ላይ ምንም አልነበረም። ከመሄዷ በፊት ወልውላዋለች።