እርጥብ ቅርጫት

ሣህሊቱ ቅርጫቱ «ቀጭ» ሲል ሰማች። ሮጣ ከማሞቂያው ላይ ብታነሣው፣ እጀታው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

ቅርጫቱ የእማማ ሃሩኮ ነው። አባታቸው ጃፓን ሳሉ ከቀርከሃ የሠሩት፣ የሻይ ሥርዓት ባለ ቀን ብቻ አበባ የሚገባበት። ዛሬ ለሻይ የተጠሩት እንግዶች ደግሞ ሊመጡ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል። ሣህሊቱ አሮጊቷን ለመንከባከብ ሾርላይን ከሚባል ሰፈር በአውቶቡስ የምትመላለስ፣ እናቷ የሰንደዶ ስፌት ሸጣ ያሳደገቻት ሴት ናት። ጠዋት ቅርጫቱን ውሃ እያንጠባጠበ ብታገኘው፣ እርጥብ ስፌት እንደሚሻግት ታውቃለችና፣ የሙቀቱ ወር ቢገባም ጠዋቱ ስለሚበርድ በበራው ማሞቂያ ላይ አሰጣችው። ደግ ሠራሁ ብላ እኮ ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ሥራውን ላገኘችላት ጓደኛዋ ለባየሽ ደውላ ነገረቻት።

«ማን አየሽ?» አለች ባየሽ።

«ማንም።»

«ሶ ዝም በያ። ዝም አይነቅዝም። ሪፖርት ከተደረግሽ ኤጀንሲው ሌላ ቤት አይሰጥሽም፣ ኦኬ?»

ምክሩ ጣማት። ክፉ ምክር መቼ መርሮ ያውቃል?

ስትወጣ ግን የአሮጊቷ ልጅ ኬንጂ ከሚኖርበት ከቤልቪው ደርሶ፣ ቅርጫቱን ይዞ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት እናቱ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ረስተው ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። «አንድ ጊዜ ከደገምሽ መጦሪያ ትገቢያለሽ» ብሏቸዋል።

«እማዬ፣ ማሞቂያ ላይ አስቀመጥሽው?»

እማማ ሃሩኮ ቅርጫቱን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን። «እንጃ። እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«በቃ፣ ሰኞ መጦሪያው ጋ እንሄዳለን።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚህ ቤት ግን የሚታደርበት ጊዜ አልነበረም። ሣህሊቱ ፈራች። ዝም ብትል እንጀራዋ ይተርፋል፣ እኚህ ሴት ግን ባላጠፉት ከቤታቸው ይወጣሉ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች። «ርሶ ነበር። እንዲደርቅ ብዬ ነው።»

ኬንጂ ስልኩን አወጣ። «ለኤጀንሲው እነግራለሁ።»

«ቆይ» አሉ እማማ ሃሩኮ። «ርሶ ነበር አልሽ?»

«አዎ እማማ፣ ይንጠባጠብ ነበር።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። «በሙቀት ወራት እንግዳ ሲመጣ ቅርጫቱ በውሃ ይርሳል፤ ጤዛ የወረደበት እንዲመስል። አባቴ ነው ያስተማረኝ። ዛሬ ጠዋት አርጥቤዋለሁ። ኬንጂ፣ አልረሳሁም።»

ኬንጂ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ሣህሊቱ እንደተባረረች ቆጥራ ኮቷን ልታነሣ ዞረች። የበሩ ደወል ጮኸ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉ እማማ ሃሩኮ። «ኬንጂ፣ አንተ እጀታውን የምናስርበት ክር ፈልግ። አንቺ ውሃ አምጪ፤ ቅርጫቱ ደርቋል።»