በበረኪና የታጠበ መንገድ

አከራዬ እትዬ መብርሂት የዘጠኝ ቀን ሥራዬን በአንድ እርጥብ ጨርቅ ጠረጉት።

ሥራዬ የጉንዳን መስመር ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጉንዳኖች ከአከራዬ ሳሎን ግድግዳ ስንጥቅ እየወጡ፣ ወለሉን አቋርጠው እኔ ያስቀመጥኩት ስኳር ድረስ ይመላለሱ ጀመር። ለመመረቂያ ጽሑፌ አስር ቀን ሳላቋርጥ ምልልሳቸውን መቁጠር ነበረብኝ። አስረኛው ቀን የሐምሌ ቂርቆስ ንግስ ላይ ዋለ። እትዬ መብርሂት ደግሞ ወለሉን በበረኪና ሳያጥቡ የንግስ እንግዳ አያስገቡም።

«ምን አደረጉኝ!»

«ምን አደረግሁሽ? ስኳርሽን እንኳ አልነካሁትም።»

እውነታቸውን ነው። ስኳሩን በስኒ ከድነው ዙሪያውን ነበር ያጠቡት።

«ስኳሩን ማን ጠየቀዎት? መንገዳቸው ጠረን ነው፤ እሱን አጠቡት። በቃ፣ መንገዱ ጠፋባቸው።»

እትዬ መብርሂት ጉልበታቸውን ይዘው አጠገቤ ተንበረከኩ። ጉንዳኖቹ ስንጥቁ አፍ ላይ ተኮልኩለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሁለቱ ሲገናኙ አንቴናቸውን ይነካካሉ፤ ይለያያሉ፤ ከሌላ ጋር ይነካካሉ።

«አንቺ ልዩ፣ ይሳሳማሉ እኮ!»

«አይሳሳሙም። የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን በጠረን እየለዩ ነው።»

«እኛስ ስንሳሳም ሌላ ምን እናደርጋለን?»

ነገሩ አናደደኝ። ስኒውን አነሳሁት። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ጉንዳን እየዞረች እየተመለሰች ስኳሩን አገኘች። ስትመለስ ሆዷን ወለሉ ላይ እየጎተተች ነበር፤ አዲስ ጠረን እየተወች። ሁለት ተከተሏት። የኖኪያዬን ሰዓት አየሁ። የጠፋ መንገድ በስንት ሰዓት ይመለሳል? አማካሪዬ በተቋረጠው ቆጠራ ፋንታ ይህን ሊቀበለኝ ይችላል፤ ማንም ካልረገጣቸው።

«ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል?» አሉኝ፣ ያሰብኩትን የሰሙ ይመስል።

«እንጃ። እስከ ማታ ይሆናል።»

ጎረቤታችን ጀማነሽ ከውጭ ተጣራች። «መብርሂት! ታቦቱ ገብቷል፤ ሰው ሁሉ ወዳንቺ እየመጣ ነው!»

እትዬ መብርሂት ለእንግዳ የተሰናዳውን ሳሎን አዩት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የንግሱ ድግስ እዚህ ነው የሚደረገው። በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ጀማነሽ፣ ዘንድሮ አንቺ ቤት ይሁን። ድፎውን ይዤ እመጣለሁ።»

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ቤቴ እንግዳ ይዟል።»

አመሰግናለሁ ለማለት አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ፤ «ቁጠሪ!» ድፎውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክከው ወጡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።