ስሟ በሸንጎ የተጠራ ዕለት

ከበርበሬው መደርደሪያ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ጣሪያው በነጭ ጌጥ የተሞላ አዳራሽ ያሳያል። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። አንድ መላጣ ሰውዬ ቆሞ ያወራል፤ የቀሩት ስልካቸውን ይነካካሉ። ባንቺአየሁ የሚጥሚጣ መመዘኛውን ጭልፋ እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸውና፣ አገር የሚያስተዳድሩት እነዚህ ከሆኑ አገሩ ራሱን ችሎ ነው የሚኖረው አለች በሆዷ። በሌላ ቀን ቢሆን ጮክ ብላ ትለው ነበር። 

«እትዬ ባንቺአየሁ፣ የወንድምዎ ልጅ መቼ ነው የምትናገረው?» አላት የሱቁ ባለቤት ተፈሪ፣ ሪሞቱን እንደ በትረ መንግሥት ይዞ። «ላይቭ ነው እኮ።»

«እኔ ምን አውቄ። ዝጋው፣ ደንበኛ ይረበሻል።»

«ደንበኛውማ እሷን ሊያይ ነው የመጣው።»

እውነቱን ነው። የወንድሟ ልጅ ሰርክ ደብሊን አድጋ በአየርላንድ የላይኛው ምክር ቤት ሴናተር ከሆነች አራት ዓመቷ ነው፤ በነዚህ አራት ዓመታት እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ይህን ከባንቺአየሁ አፍ ያልሰማ ሰው የለም። የፓርኪንግ ትኬት የሚጽፈው ሰውዬ እንኳ ሰምቷል። አሁን ጉራዋ ዞሮ መጣና ቴሌቪዥን ላይ ተሰቀለባት። የጎረቤቱ ፀጉር ቤት ባለቤት ሣህሊቱ፣ ግማሽ ጭንቅላቷ ብቻ የተሠራላትን ደንበኛዋን አስከትላ ገብታ በጤፍ ጆንያ ላይ ተደላድላለች።

ጥፋቱ የገዛ አፏ ነው። ባለፈው ወር ሰርክ ደወለችና፣ «እትዬ፣ ሄቨንን እንዴት እንዳሳደግሻት ንገሪኝ» አለቻት። ስደተኛ ማንን ወደ አየርላንድ ማምጣት ይችላል፣ ቤተሰብ የሚባለው ማነው የሚል ሕግ ሊከራከሩበት ነው። ሴናተር ስትጠይቅ ዝም አይባል ነገር፣ ባንቺአየሁ ተዘርግፋ አወራች። ታናሽ እህቷ ሄቨንን በሁለት ዓመቷ ትታት እንደሞተች፣ ቀብሩ ዕለት ልጅቷን በጀርባዋ እንዳዘለቻት፣ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ዲቪ የሚሞላው ሰውዬ «ልጅሽ ናት?» ሲላት «ታዲያ የማን ልትሆን ነው?» እንዳለችው። ሰውዬውም ጻፈ። ባንቺአየሁ ስትዋሽ አልነበረም። የእህት ልጅ ልጅ ነው፤ ይህን የማያውቅ አበሻ አልተወለደም። አሜሪካ ከገባች በኋላ ነው፣ እዚህ አገር ልጅ የሚባለው ከሆድሽ የወጣ፣ ያለዚያም ፍርድ ቤት የሰጠሽ ብቻ ነው ብለው የነገሯት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ዓይኗን ከፍታ ተኝታለች።

ለሄቨን አልነገረቻትም። ፈርታ ብቻ አይደለም፤ አስባበት ነው። የማያውቅ ሰው አይዋሽም። ዛሬ ከጠዋቱ አራት ተኩል ላይ ሄቨን የዜግነት ኢንተርቪው አለባት። ቀኝ እጇን አንስታ ትምላለች፤ የምትምለውም በንጹሕ ልቧ ነው። ባንቺአየሁ ይህን ቀን ያደራጀችው እንደ ሠርግ ነበር።

ትናንት ማታ ግን የሰርክ ድምፅ በስልኳ መጣ፦ «ነገ ስላንቺ እናገራለሁ። እዚህ የተነገረ ሁሉ ይጻፋል፣ መቶ ዓመት ይቀመጣል። ስምሽ ታሪክ ውስጥ ሊገባ ነው።»

ታሪክ ገደል ይግባ። ከጎህ ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። አባቷ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። በልጅነቷ ትልቅ ሰው ያለው ነገር ነው ብላ ተቀበለችው። ዛሬ ስታስበው፣ ይህን ተረት የፈጠረው ሰው ልጁ በር ላይ ቆማበት አታውቅም።

ሄቨን በር ላይ ቆማለች። ሰማያዊ ሱፍ ለብሳ፣ የሰነዱን አቃፊ ደረቷ ላይ ይዛለች።

«መኪና ውስጥ ጠብቂኝ አላልኩሽም?»

«ፓርክ አድርጌ መጣሁ። ሰርክ ጀመረች እንዴ?»

«እንሂድ። መንገድ ይዘጋል።»

«ገና ሁለት ሰዓት አለን እማዬ። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ኦኬ?»

በዚያው ቅጽበት ሰርክ ከወንበሯ ተነሣች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ወረቀት ይዛለች፤ አልፈራችም። ባንቺአየሁ ተፈሪን ሪሞቱን ልትነጥቀው እጇን ዘረጋች፤ እሱ ድምፁን እንዲጨምር የፈለገች መስሎት ጨመረው።

«ይሄ ደግሞ የምን እንግሊዝኛ ነው?» አለ ቆየት ብሎ። «ቃሉን ሳታኝከው ነው የምትውጠው። ሄቨን፣ አንቺ በስልክ ለምደሻታል፣ ነይ ተርጉሚልን።»

ሄቨን ፈገግ ብላ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆመች። «ሰብሳቢውን አመሰገነች። ሕጉ ቤተሰብ የሚለው ባልና ሚስትና ከነሱ የተወለደን ልጅ ብቻ ነው፣ እኔ በመጣሁበት አገር ግን ቤተሰብ እንደዚህ አይቆጠርም፣ አለች። ሶ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፣ አለች…»

«ባንቺአየሁ» አለች ሰርክ።

ሱቁ አጨበጨበ። የፀጉር ቤቷ ደንበኛ ሳትቀር ግማሽ ጭንቅላቷን ይዛ አጨበጨበች። ባንቺአየሁ ግን ከጭብጨባው ሥር አዳመጠች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የሚያስፈሯትን ቃላት ብቻ ታውቃለች። ሲስተር። ዴድ። ቤቢ። ከዚያም ድሮ የኤርፖርቱ ፖሊስ ሄቨንን በጣቱ እያሳየ ልጅሽ ናት ወይ ብሎ የጠየቀበት ቃል፦ ዶተር።

የሄቨን ድምፅ ቆመ።

«ምን አለች? ንገሪን እንጂ» አለች ሣህሊቱ።

ሄቨን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ላይ አላነሣችም። «አክስቴ… ጠንካራ ሴት ናት አለች። ልጅ ማሳደግ ትችልበታለች አለች።»

«ይሄን ሁሉ አውርታ ይቺን ብቻ?»

«የቀረው ስለ ሕጉ ነው።»

ባንቺአየሁ ጭልፋውን አስቀመጠች። ልጅቷ ስትዋሽ አይታት አታውቅም። አሁን በሰው ፊት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ፣ በጥሩ አማርኛ ዋሸች። እንደ ድሮ ባለሙያ።

መኪናው ፍሪዌዩን ያዘ። ከዚያ ባንቺአየሁ መታገሥ አልቻለችም።

«እውነት ምን አለች?»

«ስምሽ ሳይጠራ ነው ሪሞቱን ልትነጥቂው እጅሽን የዘረጋሽው። ምን እንደምትል ታውቂ ነበር።»

ባንቺአየሁ የመቀመጫ ቀበቶዋን ጨበጠች። 

«ማን ትባል ነበር?» አለች ሄቨን።

«ማን?»

«እማዬ።»

የትኛዋን እንደጠራች አልገባትም፤ እሷን ይሁን፣ የሞተችዋን ይሁን። «ሽታዬ» አለች በመጨረሻ። ስሙን ከጠራችው ብዙ ዓመት ሆኗታል።

ሄቨን ቀስ ብላ ደገመችው። መኪናው መስመሩን ሳተና ተመለሰ።

«ዛሬ እጄን አንስቼ ነው የምጠየቀው» አለች። «‹ለመንግሥት ውሸት ተናግረሽ ታውቂያለሽ?› የሚል አለበት። ትናንት ሳጠናው እንኳ ስቄበት ነበር።»

«አሁንም ሳቂበት። አልዋሸሽም፤ ልጄ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ በቃ። ‹እናትሽ ማናት?› ካሉሽ የኔን ስም ነው የምትሰጫቸው። ሰምተሻል? ያቺ አልጠባችሽም እንኳ፣ ታማ ነበር። እኔ ነኝ…» የሞተች እህቷን ከልጇ ፊት እየገፋቻት መሆኑን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው።

«ምን ልትያቸው ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የሚጠይቁኝን ልስማ መጀመሪያ።»

የኢሚግሬሽኑ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃዎቹ ቀጠሮ የሌለው አይገባም አሉ። ሄቨን መኪናውን ማዶ አቁማ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፍታላት፣ አቃፊዋን ይዛ ተሻገረች። አልሳመቻትም፤ ረስታ ይሁን አይታወቅም። ከሰልፉ ጫፍ ቆማ የሱፏን ቁልፍ ነካካች፣ ወረቀቷን አየች፣ መልሳ ከተተችው። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። መልስ እየተለማመደች ነው።

ባንቺአየሁ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። ባንቺአየሁ ሲባል ከንፈር ይገጥማል። ሽታዬ ሲባል አይገጥምም። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም፤ ደህና ዓይን ብቻ ነው የሚያሻው። የትኛዋን እንደምትጠራ ለማየት ዓይኗን አጥብባ ተመለከተች። አንድ ረጅም ሰውዬ መሀላቸው ገባ፣ ወጣ። ከንፈሯ አሁንም ይንቀሳቀሳል። ሰልፉ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተጠጋ።